የካፌ ኮሚቴውን ያዢ

ደብዳቤው የመጣው ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጸሐፊዋ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። ቤተሰቦቿ ሐረር ናቸው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጋሼ፣ በቅርቡ የተማሪዎች ኅብረት ምርጫ አለ። የዶርሜ ልጆች ለፕሬዚዳንት ተወዳደሪ ብለው ወጥረው ይዘውኛል። ውጤቴ 3.2 ነው። እናቴ ስትሰማ ‹ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ› ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ስመረቅ ሥራ ለማግኘት ይጠቅመኛል ወይስ ጊዜዬን በልቶ ይቀራል? ደግሞ ብመረጥስ ማንን ልመራ ነው? ባለፈው ስብሰባ ሲጠራ የመጣነው አሥራ ሁለት ነን።»

እህቴ፣ ከእናትሽ ልጀምር። ፍርሃቷ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በየካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ቀይ ሽብር መጣ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ ተሰቅሎ፣ ስለ ልጁ ግን የማይወራበት ቤት ስንት አለ! እናትሽ ያኔ ሕፃን ብትሆንም የታላላቆቿን ወሬ እየሰማች ነው ያደገችው። ስለዚህ «ዘመኑ ተቀይሯል» ብለሽ አትከራከሪያት። በ2012 ብጥብጥ ተነስቶ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት እንደተቋረጠ እሷም ታስታውሳለች። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የኅብረት ተመራጭ መሀል ላይ ነው የሚቆመው። ተማሪው «የአስተዳደሩ ጆሮ ነህ» ይለዋል፣ አስተዳደሩ «ልጆቹን አረጋጋ» ይለዋል። ይህንን ሳታውቂ አትግቢ።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ድሬ አንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ሲቀጥር ፈታኝ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። አንዱ ልጅ ሱፉን ግጥም አድርጎ ገባ። ሲቪው ላይ በደማቁ «የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት» ይላል። «በዚያ ዓመት ምን ሠራህ?» አልነው። «ተማሪውን አስተባብሬያለሁ።» «ለምሳሌ?» «በተለያዩ መድረኮች ላይ ተሳትፌያለሁ።» ሦስቴ ጠየቅነው፣ ሦስቴም መድረክ ላይ ወጣብን።

ከእሱ ቀጥላ የገባችው ልጅ የካፌ፣ ማለትም የተማሪዎች ምግብ ቤት፣ ኮሚቴ አባል ነበረች። ከቦርሳዋ ጠርዙ ዘይት የነካው ደብተር አወጣች። የዳቦ ደብተር ነው። ተማሪው ዳቦው አነሰ እያለ ሲያጉረመርም ከአንድ ሱቅ ሚዛን ተውሳ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ካፌው በር ቆማ፣ ሳትመርጥ አሥር አሥር ዳቦ ትመዝን ነበር። ቀኑ፣ የአሥሩ ክብደት፣ አብሯት የቆመው ተማሪ ፊርማ፣ የተረካቢው የግምጃ ቤት ሠራተኛ ፊርማ በየመስመሩ ተጽፏል። ለአምስት ሳምንት። ከዚያ አቅራቢው የተዋዋለበትን ግራም በደብዳቤ ጠየቀች። ውሉ ሲመጣ ከደብተሩ ጋር አስተያየችው። ዳቦው በእርግጥም ያንስ ነበር።

ልብ በዪ፣ አልጮኸችም። ሁለት ገጽ ጽፋ ለተማሪዎች አገልግሎት ዲን ሰጠች፣ የገባበትን ቁጥርና ቀን ቅጂዋ ላይ አስመታች። ክብደቱ እስኪስተካከል አንድ ወር ፈጀ። ያም በደብተሩ ላይ አለ።

አጠገቤ የነበሩት የፋይናንስ ኃላፊ ደብተሩን አገላብጠው «ሞዴል 19 ታውቂያለሽ?» አሏት። ሳቀች። ግምጃ ቤት በር ላይ ስንት ጠዋት ቆማ፣ የዕቃ መረከቢያውን ወረቀት እንዴት አታውቀው! ከ200 በላይ አመልካች ነበር፤ የተቀጠረችው እሷ ናት። ውጤቷ ከሁሉም የበለጠ አልነበረም።

እንግዲህ ምክሬ ገብቶሻል። ፕሬዚዳንትነቱን ለሚፈልገው ተዪለትና የካፌ ኮሚቴውን ያዢ። ካልሆነ የኅብረቱን ኦዲት። ፕሬዚዳንት ማለት ብዙውን ጊዜ እንግዳ መቀበል፣ ንግግር ማድረግ፣ ከስብሰባ ስብሰባ መዞር ነው። ያም ሥራ ነው፣ አልንቀውም፤ ሴኔት ላይ ተቀምጦ ለተማሪው የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ግን አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ። ግቢው ውስጥ ገንዘብና ዕቃ እጅ በእጅ የሚተላለፍበት ቦታ ካፌው ነው። በክፍል የተማርሽው ሁሉ እዚያ በጆንያ ተጭኖ ይመጣል።

ዳቦ መመዘንም የሚያስቀይመው ሰው እንዳለ አትርሺ። ብቻሽን አትመዝኚ። ሁሌ ሁለት ሆናችሁ፣ ከተቻለ ከተለያየ ዲፓርትመንት። ሰነድ ሲከለክሉሽ አትጣዪ፤ የመረጃ ነፃነት አዋጁ፣ ቁጥር 590/2000፣ የመንግሥት ተቋም ያለውን መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጥሻል። ጥያቄሽን ጽፈሽ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ አስገቢ። የግቢ ሰው በቃል ሲጠየቅ «ነገ ነይ» ይላል። በጽሑፍ ሲጠየቅ ቢያንስ «ነገ»ን ማን እንዳለ ይታወቃል።

ስለ ጊዜሽ። 3.2 ጥሩ ነው፣ ግን የሚቀለድበት አይደለም። ብዙ ቀጣሪ የመጀመሪያውን ክምር የሚቀንሰው በውጤት ነው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። 50 ካላመጣሽ ዲግሪ የለም፤ የኅብረት ማኅተምም አያድንሽም። ስለዚህ ገና ስትገቢ የመውጫሽን ቀን ተናገሪ፦ የአራተኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ሲጀመር አስረክባለሁ በዪ። በጽሑፍ ርክክብ አድርጊ። ያን ጊዜ ላይብረሪ ገብተሽ ችከላ ብቻ ነው።

አሥራ ሁለት ሰው መጣ ስላልሽው፣ የራሴን ጉድ ላውራልሽ።

እኔም ተማሪ ሳለሁ የብሎክ ተወካይ ነበርኩ። የት ግቢ እንደሆነ ይቅር። ውሃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነበር። ልጁ ሁሉ ጀሪካን ይዞ ደረጃው ላይ ተኮልኩሏል። ከአንድ ኃላፊ ቢሮ ወጣሁና «ሰኞ ይመጣል!» ብዬ ጮህኩ። ተጨበጨበልኝ። ሰውዬው ያለኝ ግን «እስቲ ሰኞ እናያለን» ነበር። ሰኞ ውሃ አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። እስክመረቅ ድረስ ስሜ «ሰኞ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ስብሰባ ስጠራ አራት ሰው መጣ፤ ሁለቱ የዶርም ጓደኞቼ ናቸው። እስከ ዛሬ ከዚራ ጥላ ሥር ሻይ ስጠጣ «ሰኞ! እንዴት ነህ አቦ!» እያለ የሚያልፍ የባንክ ሰው አለ።

ተማሪው ሰነፍ ሆኖ አይደለም የሚቀረው። ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ምንም ሲለወጥ አላየም። አንድ ትንሽ ነገር ዳር አድርሺና ውጤቱን ለጥፊ፤ «ይህን ጠየቅን፣ በዚህ ቀን ይህን መለሱልን»። የዳቦዋ ልጅ የየሳምንቱን ክብደት ካፌው በር ላይ ትለጥፍ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተማሪው ራሱ «ዛሬ ስንት ሆነ?» ማለት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ለመመዘን ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበር።

ሰዓቱንም እዪው። ድሬ ላይ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ስብሰባ የሚጠራ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ሰው እንዲመጣ አይፈልግም። ሱቁ በሚዘጋበት፣ ሰው ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት አዳራሽ ማን ይገባል? ከእራት በኋላ፣ ዶርም ግቢ ውስጥ፣ ቆማችሁ ሃያ ደቂቃ። ማስታወቂያውንም «አስቸኳይ ስብሰባ» አትበዪው። «የሴቶች ዶርም መብራት ስንት ሰዓት ይጥፋ?» ብለሽ ጻፊ። ጥያቄ ያየ ሰው መልስ ይዞ ይመጣል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ይጻፍ። መጋላ ገበያ ላይ የቲማቲም ነጋዴዋ በሦስቱም ታስማማለች፤ ኅብረቱ በአንዱ ብቻ ሲናገር ግማሹ ልጅ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለዋል።

ፍሬሽማኖቹን አትርሺ። ከአገሪቱ ጥግ ተመድበው፣ ድሬን በስም ብቻ እያወቁ፣ ካርቶናቸውን ተሸክመው ከአውቶቡስ ይወርዳሉ። ያን ቀን ሻንጣውን የተሸከመለትን ልጅ ማንም አይረሳም። በዚያው ሳምንት የቀይ መስቀል ክበብ ውስጥ አስገቢያቸው። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የገደለባት ከተማ ናት፤ የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚያውቅ ወጣት እዚህ ትርፍ አይሆንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በአጭሩ። ስትመረጪ ፎርም ይዞ «ፈርሚ፣ ሥራው የኛ ነው» የሚልሽ አይጠፋም። የፖለቲካ አባልነት መብትሽ ነው፣ አምነሽበት ከሆነ ግቢ። ለሥራ ብለሽ ግን አትፈርሚ። ፎርም ሞልተው ሥራ ያላገኙ ብዙ ልጆች ቢሮዬ መጥተዋል።

ሲቪሽ ላይ ሹመቱን አንድ መስመር፣ ሥራውን ሦስት መስመር አድርጊው። ምን ቆጠርሽ፣ ለማን አቀረብሽ፣ ምን ተስተካከለ። የምስክር ደብዳቤውን ሳትመረቂ አስጽፊ፤ ዲን ይቀየራል፣ ዲኑ ከተቀየረ በኋላ ማንም አያውቅሽም።

ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራ፦ ያለፈውን የካፌ ኮሚቴ ተጠሪ ፈልጊና ሻይ ጋብዢው። «የያዝከው መዝገብ አለ?» በዪው። ካለ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሺ። ከሌለ ደብተር ገዝተሽ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ።

ማታ ደግሞ ሐረር ደውዪ። «እማ፣ ዳቦ ልመዝን ነው» በያት። ይህን ሰምታ ስልክ የምትዘጋ እናት አላውቅም።