ከበዓል ጽዳት በፊት፦ ስለ በረኪና፣ ኦሞና ሃይላንድ ጥያቄና መልስ

ዕንቁጣጣሽ ሳይደርስ ስለ ጽዳት ዕቃ አቀማመጥ የሚያስቸግራችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ለማታውቁኝ፦ ረጅም ዓመት ሆቴል ውስጥ ሀውስኪፒንግ ሠርቻለሁ። አሁን እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። የተመሳሰሉ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከሰሚት)፦ ከሲንኩ ሥር ያለው ካቢኔት ሞልቶ አልዘጋ ብሏል። ተጀምሮ የተተወ ላርጎ፣ የተጋገረ ኦሞ፣ ምን እንደሆነ የማላውቀው ፈሳሽ ሁሉ አለ። ቅርጫት ልግዛ ወይስ መደርደሪያ ላሠራ?

ምንም አትግዢ። ቅርጫት ከገዛሽ ያው ኮተት ቅርጫት ውስጥ ይገባል፣ በቃ። መጀመሪያ ሁሉንም አውጥተሽ በረንዳ ላይ ደርድሪው። አንድ ዓይነት የሆኑትን ላርጎዎች ወደ አንዱ ገልብጪ። የተጋገረው ኦሞ አልተበላሸም፤ ለብ ባለ ውሃ በጥብጠሽ በረንዳውንና ደረጃውን እጠቢበት። የተጋገረውም ከሲንኩ ሥር ስለተቀመጠ ነው። እዚያ ቱቦው ትንሽም ብትሆን ታንጠባጥባለች፣ ዱቄት ደግሞ እርጥበት አይወድም። ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ አድርጊና ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ጋር አኑሪው።

የማይታወቀውን ፈሳሽ ግን አታሽቺው፣ አትሞክሪው፣ ከምንም ጋር አትደባልቂው። ክዳኑን አጥብቀሽ፣ በፌስታል ጠቅልለሽ፣ ላዩ ላይ «መርዝ» ብለሽ ጻፊና ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ሲመጡ በእጅ አስረክቢያቸው። ዝም ብለሽ ማዳበሪያው ውስጥ አትጣይው፤ እነሱ እኮ በእጃቸው ነው የሚለዩት።

ለአንድ ቤት የሚበቃው ላርጎ፣ ኦሞ፣ በረኪና፣ አቼቶ፣ ሽቦና ስፖንጅ ነው። ከዚያ በላይ ያለው አብዛኛው ማስታወቂያ አይተን የገዛነው ነው።

ጥያቄ (ከጀሞ፣ ከአዳማና ከሌሎችም)፦ በረኪና በአምስት ሊትር ጀሪካን ነው የምገዛው። ለአያያዝ እንዲመቸኝ ወደ ሃይላንድ እገለብጠዋለሁ። ላዩ ላይ ከጻፍኩበት ችግር አለው?

አለው። ከዛሬው ጥያቄ ሁሉ አንዱን ብቻ መመለስ ቢፈቀድልኝ ይሄን ነበር የምመልሰው።

በሃይላንድ ውስጥ ያለ በረኪና ውሃ ነው የሚመስለው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ደግሞ ኩሽናው፣ መተላለፊያው፣ የሻወሩ ጥግ ሁሉ ውሃ በተሞላ ሃይላንድ የታጨቀ ነው። ማታ መብራት ጠፍቶ የጠማው ሰው እጁ የደረሰበትን ያነሳል። ልጅማ ሃይላንድ ካየ ውሃ ነው ብሎ ነው የሚያምነው፣ ማን ይፈርድበታል? «ጽፌበታለሁ» ትላላችሁ፤ የሦስት ዓመት ልጅ አያነብም። ነጭ ጋዝም እንዲሁ ነው። ምድጃ በማትለኩሱበት ሰሞን በሃይላንድ ተረስቶ ከሲንክ ሥር የሚቀመጠው ጋዝ ብዙ ልጅ ጎድቷል።

ሌላም ምክንያት አለ። በረኪና ብርሃንና ሙቀት ያደክመዋል። ፋብሪካው ብርሃን በማያሳልፍ ዕቃ የሚያሽገው ለዚህ ነው። ሃይላንድ ውስጥ ገልብጣችሁ መስኮት ላይ ካስቀመጣችሁት ከጊዜ በኋላ የምታፈሱት የሚሸት ውሃ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ያለቀ የበረኪና ዕቃ አትጣሉ። ከጀሪካኑ ወደ እሱ ገልብጡ፣ የተገለበጠበትን ቀን በማርከር ጻፉበት። ጀሪካኑንም ከውሃ ጀሪካኖች ጋር አታሰልፉት። ቦታው ከፍ ያለና የሚቆለፍ ይሁን። ሽንት ቤት ውስጥ ከበሩ በላይ ጠባብ መደርደሪያ ማሠራት ብዙ ወጪ የለውም።

ልጅ ከጠጣ በግድ አታስመልሱት። የወረደው ሲመለስ ጉሮሮውን ደግሞ ያቃጥለዋል፤ ጋዝ ከሆነ ደግሞ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አፉን በውሃ አጥባችሁ፣ የጠጣበትን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ በረኪና ጊዜው ያልፍበታል?

አዎ፣ ቀስ በቀስ ይደክማል። ስድስት ወር ካለፈው ጀርም ይገድላል ብላችሁ አትመኑት። በውሃ የተበጠበጠው በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ ለነገ ብላችሁ በባልዲ አታሳድሩ። ስለዚህ ቤተሰባችሁ ትንሽ ከሆነ አምስት ሊትሩ ረከሰ ብላችሁ አትግዙ።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ማዳም ሽንት ቤቱን በክሎሮክስና በፍላሽ ደባልቀሽ እጠቢ ትላለች። ስደባልቅ ያስለኝና ዓይኔን ያቃጥለኛል። ልማድ ነው ወይስ አደጋ አለው?

አደጋ ነው እህቴ። ለሽንት ቤት የሚሸጠው እንዲህ ያለ ማጽጃ ብዙውን ጊዜ አሲድ አለበት። ክሎሮክስ ደግሞ ያው በረኪና ነው። አሲድ ከእሱ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ያሳለሽ ጋዙ ነው። በሩ የተዘጋ፣ መስኮት የሌለው ሻወር ቤት ውስጥ ሲሆን ሳንባ ሊጎዳ ይችላል። ክሎሮክስ አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም አይገናኝ።

የክሎሮክሱን ዕቃ አንድ ባልዲ ውስጥ፣ የፍላሹን ዕቃ ሌላ ባልዲ ውስጥ አድርገሽ በተለያየ ቦታ አስቀምጫቸው፤ ሥራ ላይ እጅሽ በስህተት እንዳያገናኛቸው። በአንዱ ካጠብሽ በብዙ ውሃ አጥበሽ ጨርሺ፣ ሌላውን በሌላ ቀን ተጠቀሚ። ማዳምን በቃል ከመከራከር የዕቃውን ጀርባ አሳያት። ከሌላ ማጽጃ ጋር አትደባልቁ የሚለው በዓረብኛም ተጽፏል፤ የራሷ ቋንቋ ነው፣ ታነበዋለች። ጭሱ ከመጣ ምንም ልታስተካክዪ አትሞክሪ፣ ጥለሽ ውጪ። መተንፈስ ካቃተሽ አምቡላንስ 998 ነው።

ጥያቄ (ከጎንደር፣ እናት ነኝ)፦ ልጄ ቪዲዮ አይታ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ደባልቃ በጠርሙስ አስቀመጠችልኝ። ሁሉን ያጸዳል ትላለች።

እማማ፣ አረፋው ያምራል እንጂ ብዙም ሥራ የለውም። ሁለቱ ሲገናኙ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ የሚተርፈው ባብዛኛው ውሃ ነው። ደግሞ አረፋው ሳያልቅ ጠርሙሱ ከተከደነ ሊፈነዳ ይችላል፣ እባክዎ ይክፈቱት። ሶዳውን ለብቻው ለተቃጠለ ድስት፣ አቼቶውን ለብቻው ለሻይ ጀበናው ነጭ ቅርፊት ይጠቀሙበት። ልጅዎን ግን አይቆጧት፣ ለመርዳት ብላ ነው።

ጥያቄ (ከሰሚት፣ ሌላ ሰው)፦ የምጣድ ማሰሻና የጀበና ማጠቢያ የት ይቀመጥ? እኔ ከስፖንጁ ጋር ነው የማኖረው።

አውጣቸው። ማሰሻ ሳሙና ከነካው የሚቀጥለው እንጀራ ይነግርሃል፤ ዓይን አያወጣም፣ ይጣበቃል። ከጎመን ዘሩ ጋር በራሱ ጣሳ ይቀመጥ። የሸክላ ጀበናም ሳሙና ይመጥጣል፣ ከዚያ ቡናው ላርጎ ላርጎ ይላል። በሙቅ ውሃ አለቅልቀህ ዘቅዝቀው፣ አለቀ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦ ቅናሽ ሲኖር እገዛለሁ። ክሎዘቱ በማጽጃ ተሞልቷል፤ ግማሹን ወደ አዲስ አበባ ልላክ?

ፈሳሽ ማጽጃ አትላኪ። በረኪና በአውሮፕላን ሻንጣ አይፈቀድም፣ ከፈሰሰም ለእናትሽ የገዛሽውን ልብስ ሁሉ ያበላሻል። ያልተከፈተውን ለጎረቤት ወይም ለቤተ ክርስቲያን ጽዳት ስጪ። የተከፈተውንና የማትፈልጊውን ደርውድ ያለው የሼዲ ግሮቭ የቆሻሻ ማስረከቢያ ጣቢያ ከካውንቲው ነዋሪ ይቀበላል።

እዚያ የሚሸጠው በረኪና ብዙ ጊዜ እዚህ ካለው ይወፍራል፤ እስከ 8.25 በመቶ ይደርሳል። እናትሽ በስልክ የነገረችሽን ልክ ትተሽ የዕቃውን ጀርባ አንብቢ። «ስፕላሽለስ» የሚለው ዓይነት ደግሞ ለነጭ ልብስ እንጂ ጀርም ለመግደል አይሆንም። የመርዝ ምክር መስመር 1-800-222-1222 ነው፣ ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚ ጠይቂ።

ጥያቄ (ከቦሌ)፦ ሠራተኛዬ ኦሞ በሳምንት ትጨርሳለች። ቆልፌ በልክ ልስጣት?

ቁልፉ ለበረኪና ይሁን። ለኦሞው ማንኪያ ወይም ሲኒ ባልዲው ውስጥ አስቀምጪና ለአንድ ሳፋ ስንት እንደሚበቃ አብራችሁ ሞክሩት። ሰው ከካርቶን በቀጥታ ሲያፈስ ሁልጊዜ ያበዛል፣ አንቺም ብትሆኚ። ዕቃው የት ይቀመጥ የሚለውንም እሷን ጠይቂያት። ቀኑን ሙሉ የምታነሳውና የምትመልሰው እሷ ናት፤ አንቺ ያሳመርሽው መደርደሪያ ለእሷ ካልደረሳት ዕቃው ተመልሶ ወለል ላይ ነው። ጓንት ደግሞ ግዢላት። በረኪና በባዶ እጅ መንካት ቆዳ ይልጣል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ባዶ ጠርሙሶቹን ለቁራሌው ልስጥ?

የላርጎና የሻምፑውን አዎ፣ አለቅልቀህ። የበረኪና፣ የአሲድና የፀረ ተባይ ዕቃ ግን በሚስማር ብሳው። ሳትበሳው ከሄደ ምናለሽ ተራ ደርሶ፣ ታጥቦ፣ የዘይት ወይም የውሃ መያዣ ሆኖ ሊሸጥ ይችላል።

ጥያቄ (ከሀዋሳ)፦ መወልወያዬ ይሸታል።

እርጥቡን ባልዲ ውስጥ አቁመሽው ስለምትሄጂ ነው። እጠቢው፣ ጭመቂው፣ ጨርቁን ወደ ላይ አድርገሽ በረንዳ ላይ ስቀይው። የሽንት ቤቱና የሳሎኑ አንድ መሆን የለባቸውም። እኛ ሆቴል ለሽንት ቤት ቀይ ጨርቅ ብቻ ነበር የምንጠቀመው፤ ቤት ውስጥም ከአሮጌ ቀይ ካናቴራ ቆርጦ መለየት ይቻላል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ፍሊት ከምድጃው አጠገብ ነው የማስቀምጠው፣ በረሮው እዚያ ስለሚበዛ።

ዛሬውኑ አንሳው። የታመቀ ጋዝ ነው፣ ሙቀት ሲያገኘው ይፈነዳል። ለበረሮው ከምድጃው ጀርባ ያለውን የዘይት ቅሪት በሙቅ ውሃና በላርጎ እጠበው፣ የሲንኩን ጠብታም አስጠግን። ውሃና ምግብ ካጣ ይቀንሳል።