ልጄ «አባባ» አልለውም አለኝ

አታስገድጂው። የዘጠኝ ዓመት ልጅሽ ሊያገባሽ የጠየቀሽን አናጢ «አባባ» አልልም ያለው ሰውየውን ጠልቶ ላይሆን ይችላል፤ የሟች አባቱ ስፍራ እንዳይወሰድበት ፈርቶ ይሆናል። «ጋሼ» ይበለው፣ ይበቃል።

እኔም ደብረ ማርቆስ እንጀራ እየሸጥኩ ሴት ልጄን ብቻዬን ሳሳድግ ነው ባሌን ያገኘሁት። ጎረቤት ነበር። የተሰበረ የቤቴን በር ጠግኖ ገንዘብ አልቀበልም ሲለኝ ምጽዋት መስሎኝ ተቆጣሁት። ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ «ያ ሰውዬ» ነበር የምትለው። የለወጣት የእኔ ምክር አይደለም። አንድ ክረምት ጣሪያችን ሲያፈስ «መሰላሉን ያዥልኝ» አላት፤ እስኪመሽ አብረው ሠሩ። ራት ላይ «ለጋሼ ወጥ ጨምሪለት» አለችኝ።

ስለዚህ ልጁ ከትምህርት ቤት መልስ አናጢው ዘንድ ይሂድ፣ ሚስማር ያቀብል። አንቺ አትከተዪ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ቤቱ በሟች ባልሽ ስም ነው ብለሻል፤ ልጁ የአባቱ ወራሽ ነው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጋብቻ ውል፣ ማለትም የትኛው ንብረት የማን እንደሆነ የምትስማሙበት ሰነድ፣ በጽሑፍ ሆኖ 4 ምስክሮች፣ ከየወገናችሁ 2፣ ይፈርሙበታል። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው አስቀድመሽ ወረዳ ፍርድ ቤት ጠይቂ። የግል መሆኑ ያልተረጋገጠ ንብረት የጋራ ተብሎ ይገመታል። እኔ ውል መጠየቁን አፍሬ ተውኩት፤ ኋላ የልጄን ድርሻ ለማስለየት ሽማግሌ መቀመጥ ግድ ሆነ።