ተከራክሮ አብሮ መጸለይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከተለያየ ቦታ የተላኩ ቢሆኑም አንድ ጉዳይ ላይ ይገናኛሉ። ከቤት ጥናት፣ ከጽዋ ማኅበር፣ ከመሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓት ጸሎት፣ ከእራት ገበታ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም ካቶሊክም አሉባቸው። ሁሉም ስለ እምነት ሲነጋገሩ ነገሩ ከእጃቸው እያመለጠ ተቸግረዋል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ መልሻለሁ፤ ብዙዎቻችሁ ያንኑ ነው የጠየቃችሁኝ።

«ካዛንቺስ አካባቢ ሐሙስ ማታ በአንዲት እህታችን ቤት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እመራለሁ። ገና ወጣት ነኝ። ከመካከላችን በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። መጽሐፋቸውን ከድነው ጣታቸውን ገጹ መሃል ያስገቡና ይጀምራሉ። ጣታቸው እስኪወጣ ሌላ ሰው አይናገርም። እውቀት አላቸው፣ ክፋት የለባቸውም። ግን ሁለት ልጆች መምጣት አቁመዋል። ሳላዋርዳቸው እንዴት ላስቁማቸው?»

እህቴ፣ ችግሩን ያየሽው በሰውየው ንግግር ብቻ ሳይሆን በቀሩት ልጆች ጭምር ነው። ትክክለኛው ማያ እሱ ነው። ጥናቱ መልካም ይሁን አይሁን የሚታወቀው ደፋሩ ስንት ደቂቃ በመናገሩ አይደለም፤ በጣም የሚፈራው ሰው አፉን መክፈት በመቻሉ ነው። የአንቺ ሥራ ያን ቦታ መጠበቅ ነው።

መጀመሪያ ለብቻቸው አነጋግሪያቸው። ማቴዎስ 18 ላይ ወንድምህ ቢበድልህ አንተና እሱ ብቻ ሆናችሁ ተነጋገሩ ይላል። እዚህ በደል የለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይጠቅምሻል። ሐሙስን አትጠብቂ። ቀደም ብለሽ ቤታቸው ሂጂ ወይም ከአምልኮ በኋላ አብረሻቸው ተራመጂ። ወቀሳ ይዘሽ አትሂጂ፣ ልመና ይዘሽ ሂጂ። «ጋሼ፣ ልጆቹ አልናገር ብለውኛል፤ እርስዎ መጀመሪያ ሲናገሩ ከዚያ በላይ የሚጨምሩት ያለ አይመስላቸውም። እባክዎ ማሳረጊያውን እርስዎ ይያዙልኝ» በያቸው። ትልቅ ሰው ማሳረጊያ ሲሰጠው ይከበራል እንጂ አይዋረድም። ብዙዎቹ እንዲህ ሲጠየቁ ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ፤ ማንም ሰው በልመና መልክ ነግሯቸው ስለማያውቅ ነው እስከዚያ የቆዩት።

ሁለተኛ፣ ደንብ ያስፈልጋችኋል። ደንቡን የምትናገሪው ማንም ሳይቆጣ፣ ከመክፈቻ ጸሎት በፊት ይሁን። «ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ሳይናገር ማንም ሁለተኛ አይናገርም፤ የሚናገርን ሰው አናቋርጥም» ብትዪ ይበቃል። በሽምግልና ወጋችን አንዱ ወገን ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ጣልቃ ቢገባ ሽማግሌዎቹ «ቆይ፣ ተራህን ጠብቅ» ይሉታል፣ ማንም አይቀየምም። ያንኑ ወደ ጥናታችሁ ማምጣት ነው። ጭቅጭቅ ከተጀመረ በኋላ የወጣ ደንብ ግን አንድ ሰው ላይ ያነጣጠረ ይመስላል።

ሦስተኛው አጠያየቅሽ ነው። «እስቲ ምን ይመስላችኋል?» ብለሽ ለቤቱ ሁሉ ስትወረውሪ መልሱን የሚያነሳው አፉ የቀናው ሰው ነው። ክፍሉን አስነብቢ፤ ከዚያ ሁለት ደቂቃ ሁሉም ለብቻው ዝም ብሎ ይመልከት፤ ከዚያ ከዝምተኛው ወገን ጀምረሽ በስም ጠይቂ። ዝምታው ቢረዝም አትደንግጪ። ዝምታን የሚፈራ መሪ መድረኩን ሁልጊዜ ለአንድ ሰው ያስረክባል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጋሼ ቢረሱስ? ይረሳሉ። ያን ጊዜ በለሰለሰ ድምፅ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ላስቁምዎት፤ ይህን ይዘን የእሷን እንስማ» በይ። የተናገሩትን አንድ ነጥብ ይዘሽ ካስቆምሻቸው አልተዋረዱም ማለት ነው።

የቀሩትን ሁለቱን ልጆች ደግሞ እንድትጠሪያቸው እለምንሻለሁ። ለምን ቀራችሁ አትበያቸው፤ ቡና ጋብዣቸውና ምን ልትሉ ነበር ብለሽ ጠይቂያቸው።

«ሜክሲኮ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ከተለያየ ቤተ ክርስቲያን የመጣን ሠራተኞች ምሳ ሰዓት ላይ አብረን እንጸልያለን። የአመለካከት ልዩነት በተነሳ ቁጥር አንዲት እህት ‹ክርክር የሥጋ ሥራ ነው› ብላ ትዘጋዋለች። ልክ ናት?»

ጥቅስ አላት። ጳውሎስ ገላትያ 5 ላይ ጥልን፣ ክርክርን፣ ቁጣን፣ አድመኛነትን አብሮ ዘርዝሯል። ነገር ግን እዚያው መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ ጴጥሮስን በአንጾኪያ ፊት ለፊት እንደተቃወመው ይናገራል። ስለዚህ የተወገዘው እርስ በርስ መበላላቱ ነው፤ እውነትን ፈልጎ መነጋገሩ አይደለም።

የሐዋርያት ሥራ 15ን አብራችሁ አንብቡት። ከአሕዛብ ያመኑት ይገረዙ ወይስ አይገረዙ የሚለው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ይገረዙ የሚሉትም አማኞች ነበሩ፣ ሐሳባቸውን እንዲያቀርቡም ተደርጓል። ብዙ ክርክር ከሆነ በኋላ ጴጥሮስ ተነሳ፤ ቀጥሎ ሕዝቡ ሁሉ ዝም ብሎ በርናባስንና ጳውሎስን አዳመጠ፤ ያዕቆብ ደመደመ፤ ውሳኔው በደብዳቤ ተላከ። እኔ እዚያ ምዕራፍ ላይ ሁልጊዜ የሚይዘኝ ዝም ብለው ማዳመጣቸው ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ ዝም ብሎ የሚሰማ ጉባኤ ስንቶቻችን አይተናል?

በአገራችንም ምሳሌ አለ። የመነኩሴው የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር በማለታቸው ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ልዩነት ተፈጥሮ ነበር፤ ክህነት እስከማጣትም ደርሰዋል። በ1450 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተስማሙ፣ ኤዎስጣቴዎሳውያኑም ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። ተገፍተው የነበሩ ሰዎች ተሰምተው ወደ አንድነት ገቡ። ታሪኩን ሙሉ ለማድረግ ግን ያው ንጉሥ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት በጽኑ ቅጣት ማሳደዱን መዘንጋት የለብንም። ያንንም ይህንንም ያየች ቤተ ክርስቲያን ናት ያለችን።

የትርጓሜ መምህራኖቻችንን ልማድም ተመልከቱ። አንዱን ጥቅስ በሁለትና በሦስት መንገድ ይፈቱታል፤ የቀደሙት ሊቃውንት የተለያየ ሐሳብ ጎን ለጎን ይነገራል፣ ተማሪውም ሁሉንም ይይዛል። የማይመርጠውን ሐሳብ ጭምር በቃሉ ያጠና ሰው ያን ሐሳብ የሚይዘውን ወንድሙን ለመናቅ አይቸኩልም።

ለእህታችሁ ግን አንድ ነገር ልመስክርላት። የምሳ ሰዓት አጭር ነው፤ ለጸሎት የተሰበሰበ ሰው በክርክር ተይዞ ሳይጸልይ ወደ ሥራው ቢመለስ ያሳዝናል። ሰዓቱን ለጸሎት ተዉትና ለውይይት ሌላ ቀን ያዙ። እሷንም ጋብዟት።

«አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። እናቴ ታማ ብዙ ጸለይን፤ አረፈች። በጥናት ላይ ‹እግዚአብሔር ለምን ዝም አለ?› ብዬ ጠየቅሁ። መሪያችን ‹ጥርጣሬ ከሰይጣን ነው› ብሎ ወደሚቀጥለው ቁጥር አለፈ። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም።»

እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ወንድሜ። ነፍሷን ይማር።

የጠየቅኸው ጥያቄ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ነቢዩ ዕንባቆም መጽሐፉን የሚከፍተው «እኔ ስጮኽ የማትሰማኝ እስከ መቼ ነው?» እያለ ነው፤ ዳዊትም እስከ መቼ ትረሳኛለህ እያለ ጸልዮአል። ቶማስን አስብ። ካላየሁ አላምንም ካለ በኋላ ስምንት ቀን አለፈ። በስምንተኛው ቀን ደቀ መዛሙርቱ በር ዘግተው ሲቀመጡ ቶማስም አብሯቸው ነበር ይላል ዮሐንስ። እነሱ አይተዋል፣ እሱ አላየም፤ ሳምንቱን ሙሉ አልተስማሙም፤ ሆኖም ማንም ከቤት አላስወጣውም። ጌታ ሲመጣ ያገኘው እዚያው ከወንድሞቹ ጋር ነው። አንተም ተመለስ የምልህ ለዚህ ነው። እዚያ ቤት መመለስ ቢከብድህ ሌላ ቤት ፈልግ፤ ብቻህን ግን አትቆይ።

ለመሪዎች ደግሞ፦ ይህ ልጅ ክርክር አላነሳም፣ ሐዘኑን ነው ያወጣው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ያበላሹት መከራከር ሲጀምሩ ነው። እኛ ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚቀመጥ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ድንኳን ውስጥ የማንለውን ነገር በጥናት ላይ አንበል።

«ፒያሳ ነበር የምኖረው፤ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ልጄ ዘንድ ገባሁ። እሷና ባሏ ጴንጤ ናቸው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። በሁዳዴ እኔ ሽሮዬን ስበላ ልጄ ‹እማዬ፣ ጾም እኮ አያድንም› ትለኛለች። እኔም እናገራታለሁ። የልጅ ልጆቼ ፊት መጣላት ሰለቸኝ።»

እማማ፣ ከኖሩበት ሰፈር መነሳቱ ራሱ ሐዘን ነው፤ በዚያ ላይ ገበታ ላይ መሟገት ይከብዳል። ሮሜ 14 የተጻፈው ለእንዲህ ያለ ቤት ነው፦ የሚበላ የማይበላውን አይናቀው፣ የማይበላም በሚበላው አይፍረድ። ሁለታችሁም ትእዛዝ አላችሁ። ልጅዎ እንዳትንቅ፣ እርስዎ እንዳይፈርዱ።

ሰው ጉርሻ ይዞ ሳለ ስለ ጾም መከራከር ለማንም አይበጅም። «ልጄ፣ የምትይውን መስማት እፈልጋለሁ፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ንገሪኝ፣ እኔም እነግርሻለሁ» ይበሏት። ያን ጊዜ ስለ ጾምዎ ይንገሯት፤ ሃምሳ አምስቱን ቀን ለምን እንደሚጾሙ፣ እየጾሙ ለማን እንደሚጸልዩ። ምናልባት ለእሷ እንደሚጸልዩ አታውቅም ይሆናል። ይህን ለምታነቢ ልጅ ደግሞ፦ ለእናትሽ ቅቤ ያልነካው ድስት ለይተሽ አስቀምጪላት። ይህ ከእምነትሽ ምንም አያጎድልም።

«ስድስት ኪሎ የወጣቶች ውይይት አስተባብራለሁ። አንድ ወንድም ሐሳቡን የተቃወመችውን ልጅ ‹መናፍቅ› ብሎ አስለቀሳት። እናስወጣው የሚሉ አሉ።»

ሐሳቡንና አነጋገሩን ለያዩአቸው። ስሕተት ነው ብሎ የማመንና ለምን እንደሆነ የማስረዳት መብት አለው። የሰው ስም ማጥፋት ግን አልተፈቀደለትም። ስድቡ በሰው ፊት ከተነገረ እርማቱም እዚያው በሰው ፊት፣ በአጭሩና ያለ ቁጣ ይሁን፦ «ይህን ቃል እዚህ አንጠቀምም። ያልተስማማህበትን ነጥብ ንገረን።» ልጅቷ ይህን በጆሮዋ መስማት አለባት። በኋላ በስልክ «አይዞሽ» ማለት አይተካውም። ከዚያ ለብቻው አነጋግሩት። ካልሰማ ሁለት ሆናችሁ። ቲቶ 3 መለያየትን የሚያነሳን ሰው አንድ ሁለቴ ገሥጸህ ራቅ ይላል፤ ስለዚህ አትምጣ የማለት ጊዜ አለ። ያን ጊዜም ለምን እንደሆነና ምን ቢያደርግ እንደሚመለስ ንገሩት።

አንድ ነገር ግን ራሳችሁን ጠይቁ፦ ያንኑ ቃል የተናገረው እናንተ የምትስማሙበት ልጅ ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ታደርጉ ነበር? መልሱ አይደለም ከሆነ ከልጁ በፊት የሚታረም ነገር አለ። ወጣቶች ይህን ወዲያው ነው የሚያዩት፤ አስተባባሪ በአንድ ወገን ሲቆም ካዩ የሌላው ወገን ልጆች ሳይናገሩ ይቀራሉ።

«በጽዋ ማኅበራችን የፖለቲካ ወሬ እየበዛ ነው። እንከልክል?»

ወገን ለይቶ መካሰሱን ከልክሉ። ዘመዱ ጦርነት ባለበት ቦታ ያለ ሰው «ጸልዩልኝ» ሲል ግን ፖለቲካ ነው ብላችሁ አትዝጉት።

«ልደታ ነው የምኖረው። ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር በሃይማኖት ክርክር ተቀያይመን ለዓመታት አልተነጋገርንም። እኔ ነኝ ልክ የነበርኩት። ማን ይጀምር?»

አንተ። ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት እስከ መለያየት ተጣልተዋል፤ አንዱ ወደ ቆጵሮስ፣ አንዱ ወደ ሶርያ ሄደ። ሉቃስ ማን ልክ እንደነበር አልነገረንም። ዓመታት አልፈው ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል አለ።

በመጪው በዓል ደውልለት። እንኳን አደረሰህ በለው፣ ስለ ቤተሰቡ ጠይቀው። ስለ ክርክሩ እሱ ካላነሳው አንተ አታንሳ፤ ካነሳውም እስኪጨርስ አታቋርጠው።