ሾክ መንገድ ላይ ሲሞት፦ ከመንዝ መንገድ የተማርኩት

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። በሞያሌ በኩል ኬንያ ልትነዳ ነው። ሞተርህ ከኋላ አንድ ሾክ (የመንገዱን ንዝረት የሚያበርደው፣ ሞላና ዘይት ያለው ዘንግ) ብቻ ነው ያለው፤ በዚያ ላይ ሁለት ሳጥን ትጭናለህ። «መሃል ሜዳ ላይ ሾኩ ቢሞትብኝ ምን ላድርግ?» ብለሃል። እኔ ኬንያ ድረስ ነድቼ አላውቅም። ግን ሰባት ዓመት ከደብረ ብርሃን መንዝ በሞተር ተመላልሻለሁ። የእኔም ሾክ የሞተው መሃል ሜዳ ልደርስ ስል ነው፤ ከተማዋን ማለቴ ነው።

ያኔ ቦክሰር ነበር የምነዳው። ቦክሰር ከኋላ ሁለት ሾክ አለው። ከጣርማ በር ወደ መዘዞ ታጥፈን፣ ሞላሌን አልፈናል። ጓደኛዬ ከነሻንጣው ከኋላዬ ተቀምጧል። መንገዱ ኮሮኮንች ነበር፣ ጥርስ የሚያረግፍ። አንድ ጉድጓድ ላይ «ቋ!» አለና የሞተሩ ወገብ ወደ ግራ ተጣመመ። የግራው ሾክ የታችኛው ጆሮ፣ በብሎን የሚታሰርበት ቀለበት፣ ተቆርጧል። እኔ ጅሉ «ትንሽ ልሂድ» ብዬ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነዳሁት። ቀኝ የቀረው ሾክ እስከ መጨረሻው እየወረደ ጎማው የኋላውን ጭቃ መከላከያ ይፍቅ ጀመር። ያኔ ነው የቆምኩት።

ባና የለበሱ አንድ አባት መጡ። ዙሪያውን አዩና «አንተ ልጅ፣ በቅሎ ብትይዝ አይሻልህም ነበር?» አሉኝ። ሳቅ አፈነኝ። «አባቴ፣ አሮጌ ጎማ አያጡም?» ስላቸው ገብተው ያረጀ በረባሶ አመጡልኝ። ጥንዱን! የከባድ መኪና ጎማ ነው እንግዲህ፣ ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ ጭነቱን አወረድኩ። ጓደኛዬ በሚያልፍ አይሱዙ ሄደ። የተሰበረውን ሾክ ፈትቼ አወጣሁት፤ ተንጠልጥሎ ቢቀር ጎማው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሞተሩን በድንጋይ ደግፌ፣ የኋላ ጎማውን የያዘው ክንድ ወደ ላይ ሲመጣ ሻንሲውን የት እንደሚመታ አየሁ። እዚያ ላይ ሁለቱን በረባሶ ደርቤ በከመነዳሪ ጭምቅ አድርጌ አሰርኩት። ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ተውኩለት። ስለዚህ ሲወርድ ብረት ከብረት አይጋጭም፣ ላስቲክ ላይ ያርፋል። መርገጫው ላይ ቆሜ፣ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሃል ሜዳ ገባሁ። ስትቆም ጉልበትህ ራሱ ሾክ ነው።

ያንተ ግን አንድ ሾክ ስለሆነ ነገሩ ይለያል። ዘይቱ ፈስሶ ሞላው ደህና ከሆነ እንደ ፈረስ ያዘልልሃል እንጂ ይሄዳል። ሳጥኖቹን ቀንስ፣ ሞላውን በማጥበቂያው ቀለበት አጥብቅ፣ ቀስ በል። ሾኩ ራሱ ከተቆረጠ ግን አትንዳ። አይሱዙ ላይ ጫነው። አንዳንዱ ይሄን እንደ ሽንፈት ያየዋል፤ እኔ እንደ ጥገና ነው የማየው።

ደግሞ «ሾክ ሞተ» ሲባል ግማሹን ጊዜ ሾክ አይደለም። ብሎኑ ላልቷል ወይም ቡሹ (ጆሮው ውስጥ ብሎኑን የሚያቅፈው) ተበልቷል። የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስተህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። «ኳ ኳ» ካለ መጀመሪያ እዚያ ነው የምታየው። ለዚህ ልክ የሆነ አንድ ትርፍ ብሎን ከነዳዶው ኪስህ ይኑር። የእኔ ጆሮ የተቆረጠውም ብሎኑ ላልቶ ሲጫወት ስለከረመ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልማጸንህ። ሾክ አታስበይድ። እኔን አንዱ ሰልዳቶሬ «በአምስት ደቂቃ» ብሎኝ ነበር። ብዙ የአንድ ሾክ ሞተሮች ሾክ ውስጥ ናይትሮጅን አለ፣ ግፊቱ ከ10 ባር ሊያልፍ ይችላል። እሳት ስታስጠጋው ቦምብ ነው። መክፈትም ያው ነው።

የፊቱ ሾክ ቀላል ነው። ዘይት ማልቀስ ከጀመረ አትደንግጥ። ብዙ ጊዜ ጎሚኒው (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ላስቲክ) አልተቀደደም፤ ጭቃ ወይም አሸዋ ከከንፈሩ ሥር ገብቶበት ነው። የአቧራ መከላከያውን በካቻቢቴ ቀስ ብለህ ወደ ታች አውርድ። ከአሮጌ የራጅ ፊልም የአውራ ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ቁረጥ፤ ጫፉን በጎን በኩል እንደ መንጠቆ አድርገው። በብረቱና በጎሚኒው መሃል ወደ ላይ አስገብተህ ዙሪያውን አንድ ሁለቴ አዙረው። ቆሻሻውን ይዞት ይወጣል። ራጅ ከሌለ ከሃይላንድ ላስቲክ ቆርጠህ ትሠራለህ፣ ለኔ ሁለት ጊዜ ሠርቶልኛል።

ካልቆመ ጨርቅ ጠቅልለህ እሰርበት። ይሄ ለንጽሕና አይደለም። ዘይቱ ወርዶ የፍሬን ዲስኩን ከነካ የፊት ፍሬን የለህም ማለት ነው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈህ ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጥምዝምዝ ላይ ይሄን አስበው። ዲስኩን ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጥረገው፣ ይድረቅ፣ ቁልቁለቱን በማርሽ ውረድ። የጎደለውን ለመሙላት ለሞተርህ የተባለው ዘይት ከጠፋ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ቀጭን ስለሆነ ያደርስሃል። በሁለቱም የፊት ሾክ እግር ውስጥ እኩል ይሁን። የፍሬን ዘይት ግን በፍጹም፣ ጎሚኒውን ይበላዋል።

ከፊት ሾክህ አናት ላይ ትንሽ የአየር ብሎን ካለች፣ ስትመለስ ትጠቅምሃለች። ሞያሌ 1,100 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ቆላ ላይ የታፈነው አየር ደጋ ስትወጣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ሾኩ ይደርቃል፣ ጎሚኒውንም ይገፋል። እኔ ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር ስወጣ ነው የነቃሁት። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተህ ብሎኗን ለአፍታ ፈታ አድርገህ አስተንፍሰው፣ በቃ።

ከሞያሌ ኢሲዮሎ አሁን አስፋልት ስለሆነ ብዙ አትጨነቅ። ወደ ቱርካና ሐይቅ ከታጠፍክ ግን ድንጋዩ የመንዝን ያስንቃል። ረጅም ኮሮኮንች ላይ ሾኩ ሲግል ዘይቱ አረፋ ይሆንና ሥራውን ያቆማል። ሃያ ደቂቃ ጥላ ሥር አቁመው፣ ይመለሳል። እዚያ መካኒክ «ፉንዲ» ነው የሚባለው። ደግሞ በግራ በኩል እንደሚነዳ አትርሳ።

የኋላ ሾክህን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ እስቲ፣ በተለይ የታችኛውን ጆሮ። ከመውጣትህ በፊት ቡሹን አብረን እንየው።