ክንድ ሲነሳ ሾክ የሚመታ ዲፊብሪሌተር፦ ባትሪውን ትተው ሊዱን ይዩ

ጥያቄው ባጭሩ፦ ዲፊብሪሌተር (አደገኛ የልብ ምትን በኤሌክትሪክ ሾክ የሚያስቆም፣ ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ መሣሪያ) ከተቀበረላቸው 6 ዓመት የሆናቸው ታካሚ በግራ እጃቸው ከመደርደሪያ ዕቃ ሲያወርዱ ሁለት ጊዜ ሾክ መታቸው። ራሳቸውን አልሳቱም። የዛሬው የፔሲንግ ኢምፒዳንስ (ከመሣሪያው ወደ ልብ በሚሄደው ሽቦ፣ ማለትም በሊዱ፣ ላይ የሚለካው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) 520 ኦም ነው፤ ባለፈው ወር ግን አንድ ቀን ብቻ 1,450 ደርሶ ወርዷል። ባትሪው ተቀይሮ አያውቅም። ቀደም ሲል ያያቸው ባለሙያ ሴንሲቲቪቲውን (መሣሪያው የሚሰማውን ትንሹን የምልክት መጠን) ከ0.3 ወደ 0.9 ሚሊቮልት ቀይሮ ሸኝቷቸዋል። ሊዱ ደህና ነው ማለት ይቻላል?

አይቻልም። ራጅ እንኳ ሳይነሳ ግምቴን ልንገርዎ፦ የሊዱ የፔስ-ሴንስ ሽቦ (የልብን ምት የሚያዳምጠውና ልብን የሚያስመታው) ተሰብሯል። ቦታው ወይ በክላቪክል (በአንገት አጥንት) እና በመጀመሪያው የጎድን አጥንት መካከል ነው፣ ወይ ባትሪው ከተቀመጠበት የቆዳ ሥር ኪስ አፍ ላይ። ስድስት ዓመት፣ የክንድ እንቅስቃሴ፣ ዘሎ የተመለሰ ኢምፒዳንስ፤ ሦስቱ አብረው ሲመጡ ሌላ አልፈልግም። ባትሪው በቅርብ ሳምንታት ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ ቀድሜ የምጠረጥረው ሊዱና ባትሪው በሚገናኙበት ቦታ የላላ ብሎን ወይም እስከ መጨረሻው ያልገባ ፒን ነበር።

ምንም ከመንካትዎ በፊት የውጭ ዲፊብሪሌተር ፓድ ደረታቸው ላይ ይለጥፉ፤ የታኪ ዲቴክሽኑን (ፈጣን ምት ለይቶ ሾክ የሚያስመታውን ሥራ) የሚያጠፉት ከዚያ በኋላ ነው። ካላጠፉት ክንዳቸውን ሲያስነሱ ሦስተኛውን ሾክ የሚያስመቱት እርስዎ ይሆናሉ። ፓዱን ካልለጠፉ ደግሞ እውነተኛ ቪ.ኤፍ (ልብ ደም መርጨት ትቶ የሚንቀጠቀጥበት ገዳይ ምት) ቢመጣ ባዶ እጅዎን ነዎት።

አሁን መሣሪያው የመዘገበውን ኤሌክትሮግራም (የልብ ኤሌክትሪክ ቅጂ) ይክፈቱ። በምልክቶቹ መካከል ከ140 ሚሊሰከንድ ያነሱ የተዘበራረቁ ክፍተቶችን ይፈልጉ፤ እነዚህን የልብ ምት ናቸው ብለው አይቀበሉ። የፔስ-ሴንሱ ቻናል (ከፔስ-ሴንስ ሽቦው የሚመጣው መስመር) ቁመተ ረጅምና ቅርጽ የለሽ ምልክት እየረጨ፣ የሾኩ ቻናል (ሾክ ከሚያስተላልፈው ሽቦ የሚመጣው) ግን ጸጥ ያለ መደበኛ ምት ካሳየ ጥፋቱ ከሊዱ ነው። ሁለቱም ቻናሎች እኩል ከተረበሹ ከውጭ የገባ ኤሌክትሪክ ይፈልጉ። ከዚያ ስክሪኑን እያዩ ክንዳቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ተቃራኒው ትከሻና ወደ ጀርባ ያስወስዱ፤ መዳፍ ከመዳፍ ያስገፉ፤ ኪሱን በጣትዎ ጫን ጫን ያድርጉ። በእያንዳንዱ አቋም ኢምፒዳንሱን ይለኩ። ራጁን ከፊትና ከጎን አስነስተው ከድሮው ጋር ያስተያዩ፤ ንጹሕ ራጅ ግን ስብራትን አያስቀርም።

520 ኦም ለምን እንደሚያታልል ልግለጽ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል፤ በስድስት ዓመት ከ200 ሚሊዮን በላይ ነው። ሊዱ በእያንዳንዱ ምት ይታጠፋል፤ ትከሻው ላይ ደግሞ የክንዱ እንቅስቃሴ ይጨመርበታል። ሽቦው እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለው እጥፋቱ በርዝመቱ ሁሉ እንዲከፋፈል ነው። አጥንት ከቆነጠጠው ወይም የታሰረበት ክር ካነቀው ግን እጥፋቱ ሁሉ አንዲት ነጥብ ላይ ያርፋል፤ ብረቱ ይደክማል፣ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቁት ጫፎች ግን ወዲያው አይለያዩም፤ እየተነካኩ ይፋተጋሉ። መሰኪያው አጠገብ የተጎዳ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ሲነካ እንዴት እንደሚንኳኳ ያስቡ፦ ድምፁ ጨርሶ ከመጥፋቱ በፊት ቸርር ቸርር ይላል። ዲፊብሪሌተሩ ያንን ቸርርታ ቪ.ኤፍ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። የኢምፒዳንስ መለኪያው ግን የሚልከው ቅጽበታዊ የኤሌክትሪክ ምት ነው፤ በዚያች ቅጽበት ጫፎቹ ከተነካኩ 520 ይነበባል። ኖይዙ (ያ ቸርርታ) ከኢምፒዳንሱ መዝለል ቀድሞ ሊታይ የሚችለውም ለዚህ ነው።

ስለ 0.9ው ለውጥ፦ ይህ ጥገና አይደለም። መሣሪያውን ማደንቆር ነው፤ ትንንሽ የቪ.ኤፍ ሞገዶች ሊያመልጡት ይችላሉ። ዛሬውኑ ወደ 0.3 ይመልሱት። ሊዱ ከቬይን በሚወጣበት ቦታ ክሩን ያለ መከላከያ እጀታ በቀጥታ ያሰሩም አይቻለሁ፤ ያ ስብራትን በገዛ እጅ መጋበዝ ነው። ቀጭን ሊድ ይሻላል የሚለውም ፈሊጥ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል፦ ውፍረቱ 6.6 ፍሬንች የነበረው ስፕሪንት ፊዴሊስ የተባለ ሊድ በሽቦ ስብራት ምክንያት በ2007 ከሽያጭ ወጥቷል። ሪያታ የተባለው ሊድ ደግሞ ሽቦዎቹ የሲሊኮን ሽፋኑን ከውስጥ እየቦረቦሩ ይወጡ ነበር። ስለዚህ የሊዱን ሞዴል ከታካሚው ካርድ ላይ ያንብቡ።

የተሰበረ ሊድ አይቀጠልም፤ አዲስ ይገባል። አሮጌውን ነቅሎ ማውጣት ወይስ ቆብ አድርጎ መተው የሚለው ውሳኔ፣ የልብ ቀዶ ሐኪም ዝግጁ ሆኖ በሚቆምበት ማዕከል ይወሰን፤ ሲነቀል ትልቁ ቬይን ሊቀደድ ይችላል። እስከዚያ ታካሚው ሞኒተር ላይ ይተኙ እንጂ ወደ ቤት አይሂዱ። ሾኩ ከተደጋገመ ዲቴክሽኑን በፕሮግራመር (መሣሪያውን ከውጭ በሚያዘው ኮምፒውተር) ያጥፉ፤ ፕሮግራመር እስኪደርስ ማግኔት ይያዙበት፣ ማግኔቱ ሲነሳ ግን መሣሪያው ወደ ሥራው ይመለሳል። ዲቴክሽኑ በጠፋበት ጊዜ ሁሉ ፓዱ ከደረታቸው አይላቀቅ። ከሆስፒታል ሲወጡም ዲቴክሽኑ ተመልሶ መከፈቱን የሚያሳየውን ገጽ አትመው፣ በዓይንዎ አይተው፣ ከፋይላቸው ጋር ያያይዙት።