ትንፋሽ ሳትቆጥሩ «18» ብላችሁ አትጻፉ

በአምቡላንስ ላይ አዲስ ለተመደባችሁ ልጆቼ፣

በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ከሕመምተኛ ጎን ተቀምጬ የተጓዝኋቸው ዓመታት ጉልበቴን ወስደውታል፤ ዛሬ ደረጃ ስወጣ የምቆጥረው የራሴን ትንፋሽ ነው። የምጽፍላችሁም ስለ መቁጠር ነው። የሕመምተኛ ቅጽ ሳገላብጥ ከሁሉ የሚያናድደኝ 18 የሚባለው ቁጥር ነው። የሚያጣጥረውም 18፣ እግሩ የተሰበረውም 18፣ ተኝቶ የሚያንኮራፋውም 18! ያልተቆጠረ ትንፋሽ በልማድ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ውሸት መሆኑን የማውቀው ራሴ ጽፌው ስለማውቅ ነው።

አንድ ቀን ከዘጌ በጀልባ የምትመጣ ወጣት ለመቀበል ሐይቁ ዳር ቆመን ነበር። ወንድሟ ገና ከጀልባው ሳይወርድ «አስም ነው! አስም ነው!» እያለ ይጮኻል። አመንሁት። የአስም መድኃኒቱን፣ ሳልቡታሞልን፣ ነፋሁላት፤ ቅጹ ላይ 18 ጻፍሁ። ጀልባ ነጂው ገመዱን እያሰረ «መንገዱን ሁሉ ውኃ ስትጠጣ ነው የመጣችው» አለኝ። የጀልባ ነጂ ምን ያውቃል ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ሆስፒታል ስንደርስ ተረኛዋ ነርስ ምንም ነገር ከማንሳቷ በፊት የልጅቱን ደረት አንድ ደቂቃ ሙሉ ተመለከተች። 38። ቀጥላ ጣቷን ወግታ ስኳሯን ለካች፤ መለኪያው ከሚያነበው በላይ ሆኖበት ቁጥር እንኳን አልሰጠም። የልጅቱ ሳንባ ጤነኛ ነበር፤ ሕመሟ ስኳር ነው፣ ያን ሁሉ ውኃ ያስጠጣትም እሱ ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምራል፣ ደሙ አሲድ ይበዛበታል፤ ሳንባ ደግሞ ያንን አሲድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ለማስወጣት በጥልቀትና በፍጥነት ይሠራል። ስቴቶስኮፑን ደረቷ ላይ ባሳርፍ ኖሮ አየሩ በሁለቱም ወገን ያለ ሲርታ ሲገባ እሰማ ነበር። የሚያስፈልጋት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና ፈጣን ጉዞ ነበር። የእኔ ሳልቡታሞል ልቧን ከማስሮጥ በቀር የረዳት ነገር የለም።

ስለዚህ ቁጠሩ። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል፤ የልብ ምቱን እንደምትለኩ ሆናችሁ እጁን ያዙና ዓይናችሁን ደረቱ ላይ አድርጉ። ያረፈ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ከ25 ካለፈ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስም አየር ካጠረው፣ ነገሩ ከባድ ነው። አስም ከሆነ ሳልቡታሞሉን ከ4 እስከ 10 ጊዜ ንፉለት፣ በየ20 ደቂቃው። ስፔሰር፣ ማለትም በመድኃኒቱና በአፍ መካከል የሚገባው ባዶ ዕቃ፣ ከሌላችሁ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን በስታችሁ ተጠቀሙ፤ አትፈሩ፣ ይሠራል። ሲር ሲር ይል የነበረ ደረት ድንገት ጸጥ ሲል ግን ተሻለው ብላችሁ አትደሰቱ። አየር መግባት አቁሞ ሊሆን ይችላል።

ቁጭ ብሎ የሚተነፍስ ሰው ቃሬዛ ላይ አይዘርጋ። ቤተሰብ «ይረፍ፣ ጋደም ይበል» ማለቱ አይቀርም። ልቡ ደክሞ ሳንባው ውኃ የቋጠረ ሰው ሲጋደም ይሰጥማል፤ እግሩን አንጠልጥሎ ይቀመጥ።

የጣት ኦክስጅን መለኪያውን ስትሰኩ ደግሞ ያለንበትን ከፍታ አስታውሱ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች የጤነኛ ሰው ንባብ እንኳን ጥቂት ዝቅ ይላል። ከዚህ ይበልጥ የምፈራው ግን የሚያምር ንባብ ነው። ክረምት ላይ በር ተዘግቶ ከሰል የነደደበት ቤት ገብታችሁ ራሱን የሳተ ሰው ስታገኙ መለኪያው 99 ሊላችሁ ይችላል። መሣሪያው በደም ላይ የተጣበቀውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን መለየት አይችልም። በሩን ክፈቱ፣ ሰውየውን አውጡ፤ ከዚያ ቁጥሩን ሳታዩ ኦክስጅኑን በሙሉ ኃይል ስጡ። በነገራችን ላይ፣ ሰው ወደቀ ሲባል ክብሪት ለኩሶ አፍንጫ ሥር የሚይዝ ጎረቤት አይጠፋም። ኦክስጅን ከመክፈታችሁ በፊት ክብሪቱን ተቀበሉት፣ በትሕትናም ቢሆን።

ሲሊንደሩን ጠዋት ጠዋት ተመልከቱ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት፣ ከዘንዘልማ በኩል ስንመጣ አሮጌው ድልድይ ላይ ከጭነት መኪና ኋላ ተይዘን፣ የሲሊንደሩ ቀስት ወደ ዜሮ ሲወርድ እያየሁ የጸለይሁበት ጊዜ አለ። ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል፤ ባዶ ሲሊንደር ግን በሰፊ መንገድም ላይ ባዶ ነው።

ልጅቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድና ወደ ዘጌ ተመለሰች። ጀልባ ነጂውን ከወራት በኋላ ሐይቁ ዳር አገኘሁት። ገመዱን እያሰረ ቀና ብሎ አየኝና «ውኃ ስትጠጣ ነበር ብዬህ አልነበረም?» አለኝ።

«ብለኸኝ ነበር» አልሁት።