መልስ፦ አንገረብ ግድብ ቢፈርስ የጣና ዓሣ ይመለሳል ወይ?

ወንድሜ፣ «አሜሪካኖች ለዓሣ ብለው ግድብ ካፈረሱ አንገረብን ለምን አናፈርስም?» ላልከው፣ እኔ ይፍረስ አልልም። ያፈረሱት በዋሽንግተን ግዛት ያለውን የኤልዋ ወንዝ ሁለት ግድቦች ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 2011 እስከ 2014። ሁለቱም ለመብራት የተሠሩ ነበሩ፣ የዓሣ መተላለፊያ አልነበራቸውም። መብራት ከሌላ ቦታ ይመጣል። አንገረብ ግን የጎንደር ሰው የሚጠጣው ነው፤ ቧንቧ ሁለት ሳምንት ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሞ የዞረ ያውቀዋል።

ዓሣውን በተመለከተ ግን ጭንቀትህ እውነት ነው። ባርበስ ከሚባሉት የጣና ዓሣዎች ብዙዎቹ በክረምት እንደ መገጭና ጉማራ ወዳሉ ወደ ሐይቁ የሚፈሱ ወንዞች ይወጣሉ፤ አንገረብም የመገጭ ገባር ነው። ዓሣዎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው። ጠጠሩን ደለል ከሸፈነው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። አሸዋና ጠጠር በገልባጭ መኪና ሲዛቅ ደግሞ መራቢያው ራሱ ይሄዳል። ባለፈው ነሐሴ የገዛኋትን ዓሣ ስከፍታት ሆዷ በብጫ እንቁላል ጢም ብሎ ነበር፤ ወንዙ አፍ ላይ በተዘረጋ መረብ የተያዘች ናት። አንጀቴን በላችኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ በክረምት ከወንዝ አፍ መረብ ይነሣ፣ ከአንገረብ በላይ ያለው ተራራ እርከን ይሠራለት። እርከኑ ግድቡንም ከደለል ያድነዋል። በመገጭ ላይ ከሚሠራው ግድብ ደግሞ በክረምት ለዓሣው የሚበቃ ውኃ እንዲለቀቅ አሁኑኑ እንጠይቅ።